ቁጥር 231 የማን ነው? የሬዲዮ ሞገድ መለያ ፈጠራዎችና የእኛ የምርምር ድርሻ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አዋሽና ወደ ሚሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የቦሰት ወረዳን ዋና ከተማ ወለንጪቲን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ወደ ጅቡቲ ወደብ ከሚወርደው ጭነት አንዱ የቁም ከብት ነው። በዱብሉቅና በሐሮ በቄ ገበያዎች የተገዛው የቦረና ወይፈን በአዳማና በአካባቢዋ ባሉ ማድለቢያዎች ለሦስት ወር ገደማ ተቀልቦ፣ ተከትቦና በኳራንቲን ተጠብቆ ወደ ባሕር ይወርዳል። በዚህ ረጅም ጉዞ እንስሳው ባለቤት ይለውጣል፤ በረት ይለውጣል፤ መኪና ይለውጣል። ሳይለወጥ አብሮት ሊጓዝ የሚገባው አንድ ነገር ማንነቱ ነው። ከየት ነው የመጣው? መቼ ተከተበ? ከየትኞቹ ከብቶች ጋር አንድ በረት አደረ? ገዢው ይህን ይጠይቃል፤ እኛ ግን መልሱን ብዙ ጊዜ የምንፈልገው በብዕር ከተሞላ መዝገብ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ማንነት የሚሸከመውን ትንሽ ዕቃ፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ መለያን ነው። ክርክሬም የሚከተለው ነው። ቺፑን የመፈልሰፉ ሥራ በሌሎች ተከናውኗል፤ የመሠረታዊ ፈጠራዎቹም የባለቤትነት ዘመን አልፏል። ለእኛ የቀረውና ማንም ሊሠራልን የማይችለው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው በቺፑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በሀገር ደረጃ በባለቤትነት መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቺፑን በእኛ በረት፣ በእኛ አቧራና በእኛ የኤሌክትሪክ ሁኔታ በአስተማማኝ መንገድ የሚያነብ መሣሪያ መሥራት ነው። የድኅረ ምረቃ ምርምራችን ፊቱን ወደነዚህ ሁለቱ ሊያዞር ይገባዋል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፈጠራው ታሪክና የከብቱ ድርሻ

የመለያው አሠራር በመሠረቱ ቀላል ነው። መለያው የራሱ ባትሪ የለውም። አንባቢው የሚረጨውን ሞገድ በአንቴናው ይቀበላል፤ ተለዋዋጩን ኃይል በዳዮድ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ በካፓሲተር አጠራቅሞም ቺፑን ያነቃል። የነቃው ቺፕ በአንቴናው ላይ ያለውን ጭነት በመለዋወጥ ቁጥሩን ለአንባቢው ይመልሳል። ሐሳቡ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የቀረበው ቀደም ብሎ ነው፤ ሃሪ ስቶክማን በተንጸባረቀ ኃይል ስለ መገናኘት የጻፈው ጥናት የታተመው በ1948 ነው። በዚያን ጊዜ ትራንዚስተር በቤል ላብራቶሪ ከተሠራ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። የተቀናጀው ሰርኪዩት በጃክ ኪልቢ እጅ የታየውም ከ10 ዓመት በኋላ በ1958 ነው። ስለዚህ የስቶክማን ሐሳብ ሴሚኮንዳክተሩ እስኪደርስለት ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ሴሚኮንዳክተሩ ከደረሰ በኋላ ፈጠራዎቹ ተከታትለው መጡ። ማሪዮ ካርዱሎ በ1970 ያመለከተበትና በጥር 1973 የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንት ሊጻፍበት የሚችል ማኅደረ ትውስታ ያለውን መለያ የሚመለከት ነበር። በዚያው በ1973 ቻርልስ ዋልተን ያለ ቁልፍ በር የሚከፍት ካርድ ፓተንት አገኘ። ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ይበልጥ ሊገርመን የሚገባው ግን ከሎስ አላሞስ ላብራቶሪ የወጣው ሥራ ነው። አልፍሬድ ኮኤል፣ ስቲቨን ዴፕና ሮበርት ፍሬይማን በ1975 ስለ አጭር ርቀት የሬዲዮ መለያ ያሳተሙት ጥናት የዚህ ቴክኖሎጂ አንድ ምሰሶ ሆኖ ይቆጠራል። ላብራቶሪው ይህን ምርምር ሲያካሂድ ከተነሣባቸው ዓላማዎች አንዱም ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር የቀንድ ከብትን መለየትና የሰውነት ሙቀቱን ማወቅ ነበር። ዛሬ በመንገድ መክፈያ፣ በመጋዘንና በሱቅ የምናየው መለያ ከጥንስሱ የከብት ጉዳይ ነበረበት ማለት ነው። ከአፍሪካ በቀንድ ከብት ብዛት ቀዳሚ የሆነች ሀገር ይህን ዘርፍ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አድርጋ ልታየው አይገባም።

ለምን ዝቅተኛ ሞገድ?

ተማሪዎቻችን በዚህ ርዕስ ላይ የመመረቂያ ሐሳብ ሲነድፉ ብዙ ሜትር ርቀት የሚያነበው የከፍተኛ ድግግሞሽ መለያ ቢስባቸው አይገርምም። በመጋዘን ይህ መለያ ብርቱ ነው። የእንስሳ አካል ግን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ በ900 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ይመጥጣል፤ የአንቴናውንም ቅኝት ያዛባል። በ134.2 ኪሎኸርትዝ ግን የሞገዱ ርዝመት ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ግንኙነቱም በሁለት ጥቅል ሽቦዎች መካከል በሚያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ስለሚካሄድ ሥጋና ደም ይህን ያህል አያግደውም። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 11784 እና 11785 ያወጣቸው የእንስሳት መለያ ደረጃዎች 134.2 ኪሎኸርትዝን የመረጡት ይህን ባሕርይ ተመርኩዘው ነው።

ምርጫው ዋጋ ያስከፍላል። የንባቡ ርቀት ቢበዛ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ደረጃው ሁለት መለያዎች በአንድ ጊዜ ሲመልሱ ድምፃቸውን የሚለይበት ዘዴ የለውም፤ ስለዚህ ከብቱ አንድ በአንድ ማለፍ አለበት። ጊዜውም አጭር ነው። ሙሉ የመልእክት ሰንሰለቱ 128 ቢት ሲሆን በሰከንድ 4,194 ቢት ገደማ ፍጥነት ሲላክ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ወይፈን ግማሽ ሜትር በሆነ የንባብ ክልል ውስጥ የሚቆየው ለ0.25 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ቢበዛ 8 ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ አንባቢው በየመካከሉ መስኩን እያጠፋ የሚያዳምጥ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ስሌት በወረቀት ላይ የሚበቃ ይመስላል። በረት ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለያል፤ ወደዚህ ነጥብ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ሦስት አኃዝና ሉዓላዊነት

በመለያው ላይ የሚጻፈው ኮድ 64 ቢት ነው። ከዚህ ውስጥ 10 ቢቱ የሀገር ወይም የአምራች መለያ፣ 38 ቢቱ ደግሞ የእንስሳው የራሱ ቁጥር ነው። 38 ቢት ከ274 ቢሊዮን በላይ የተለያዩ ቁጥሮችን ይሰጣል፤ በኢትዮጵያ ለሚወለድ ጥጃ ሁሉ ለብዙ ዘመናት ይበቃል። በዓለም አቀፉ የሀገሮች ኮድ የኢትዮጵያ ቁጥር 231 ነው። ስለዚህ በደረጃው መሠረት የተመዘገበ የኢትዮጵያ ከብት ሲነበብ በ231 የሚጀምር ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይታያል።

እዚህ ላይ ከቺፑ ጥራት የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ደረጃው የሀገር ኮድ እንዲጻፍ የሚፈቅደው ቁጥሩ እንዳይደገም ኃላፊነት የሚወስድ ብሔራዊ አካል ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ አካል በሌለበት ቦታ መለያው የሚወጣው ከ900 እስከ 998 ባሉት የአምራች ኮዶች ነው። ማለትም የቦረና ወይፈን በጆሮው የሚሸከመው መታወቂያ የትውልድ ሀገሩን ሳይሆን መለያውን የሸጠውን ፋብሪካ ይናገራል። መለያው ይሠራል፤ አንባቢውም ቁጥሩን ያሳያል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚነግረን ግን ከአቅራቢው ጋር የተፈራረምነው ውል ይሆናል። አቅራቢው ሲለወጥ ወይም የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ታሪኩም ይበተናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ በተውሶ ቁጥር የተሠራ መዝገብ የራስ አይሆንም።

ጉዳዩ የስም ክብር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ታሪክ ላስታውስ። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተከሰተ፤ በሽታው ከአፍሪካና ከአካባቢዋ ደሴቶች ውጭ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። የገዢ ሀገሮች እገዳ በአፍሪካ ቀንድ ከብት ላይ በጅምላ ወደቀ፤ ወረርሽኙ በሀገሯ ያልተረጋገጠባት ኢትዮጵያም ከእገዳው አላመለጠችም። በጅምላ የሚታገድ ሰው በተናጠል መልስ መስጠት የማይችል ሰው ነው። ይህ ከብት ከዚህ ወረዳ ነው፣ በዚህ ቀን ተከትቧል፣ በሽታ በታየበት ቦታ አላለፈም ብሎ በማስረጃ መናገር ያልቻለ ሻጭ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ይቀጣል። መለያ ብቻውን እገዳ እንደማያነሣ አውቃለሁ፤ ላብራቶሪ፣ ክትባትና የሚታመን የእንስሳት ሐኪም ፊርማ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን የላብራቶሪው ውጤት ከየትኛው እንስሳ ደም እንደተገኘ ማሳየት ካልተቻለ ውጤቱ ራሱ ባለቤት የለውም።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። አውስትራሊያ በ2005 በመላ ሀገሪቱ የኤሌክትሮኒክ መለያን ለቀንድ ከብት ግዴታ አደረገች። በአህጉራችን ቦትስዋና ሥጋዋን ለአውሮፓ ገበያ ለማቅረብ ስትል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በከብቱ ጨጓራ ውስጥ የሚቀመጥ የሴራሚክ መለያ ተጠቀመች፤ ኋላ ወደ ጆሮ መለያ ተሸጋገረች። በጨጓራ ያለ መለያ አይሰረቅም፤ አይቀደድም፤ ነገር ግን ያለ መሣሪያ መኖሩም አይታወቅም። ትምህርቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ መለያው የሚመረጠው በካታሎግ ሳይሆን በእረኛው፣ በሐኪሙና በሸማቹ ዓይን ነው።

በረቱ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አሁን ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ነጥብ ልመለስ። ገበያ ላይ ያሉ አንባቢዎች የሚፈተሹት በተስተካከለ ሁኔታ ነው። ከአዳማ እስከ ወለንጪቲ ባለው ቆላ ያለ ማድለቢያ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ተመራማሪ የሚያስፈልግባቸው ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የብረት ጉዳይ ነው። ከብት በሰልፍ የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ከብረት ቱቦ ሲሠራ የአንባቢው አንቴና በብረት መካከል ይቆማል። መግነጢሳዊው መስክ በቱቦው ላይ ተዘዋዋሪ ፍሰት ይፈጥራል፤ ይህም የአንቴናውን ኢንደክታንስ ይቀንሳል። ቅነሳው 5 በመቶ ብቻ ነው እንበል። የቅኝት ድግግሞሹ ከኢንደክታንሱ ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ከ134.2 ወደ 137.7 ኪሎኸርትዝ ይሸሻል። የጥራት መጠኑ 40 የሆነ አንቴና የሚሸፍነው ስፋት 3.4 ኪሎኸርትዝ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሽሽቱ ከስፋቱ ሙሉ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። በአንቴናው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰትም ወደ 43 በመቶ ይወርዳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ መለያውም ደኅና ነው፤ ከብቱ ግን ሳይነበብ ያልፋል። ራሱን በየጊዜው የሚቃኝ አንቴና መንደፍ፣ ወይም አንቴናው በሚቆምበት ቦታ መተላለፊያውን በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት መሥራት ምን ያህል እንደሚሻሽል መለካት፣ ሁለቱም ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚበቁ ናቸው። ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ ብቻ ሊናቅ አይገባም።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያዎች፣ ርካሽ ኃይል መሙያዎችና የፀሐይ ኃይል መለወጫዎች በመቶ ኪሎኸርትዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫሉ፤ ይህ ደግሞ መለያው በደከመ ድምፅ የሚናገርበት ስፍራ ነው። ከሁለቱ የመለያ ዓይነቶች አንዱ አንባቢው መስኩን ሳያቋርጥ ይመልሳል፤ ሌላው ኃይሉን አጠራቅሞ መስኩ ከጠፋ በኋላ በጸጥታው ይናገራል። በእኛ ማድለቢያዎች የትኛው እንደሚሻል በአምራቹ መግለጫ ሳይሆን በቦታው በተወሰደ ልኬት መወሰን አለበት። የመብራት መቋረጥና የኔትወርክ መጥፋት የዕለት ተዕለት ጉዳይ በሆነበት ቦታም አንባቢው መዝገቡን በራሱ ይዞ ቆይቶ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ሳይደግምና ሳይጥል የሚልክ መሆን ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጆሮው ነው። ከብቶቻችን በግራርና በእሾህ ቁጥቋጦ መካከል ይሰማራሉ። መለያ ሲጠለፍ ጆሮ ይቀደዳል፤ ቁስል ይመረቅዛል፤ አርቢውም በሚቀጥለው ጊዜ እምቢ ይላል። የመለያውን ክብደት፣ የመቆንጠጫውን ቅርጽና የሚወጋበትን ቦታ ለቦረናና ለከረዩ ከብት አጥንቶ መወሰን የኤሌክትሮኒክስ፣ የመካኒካልና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ሥራ ነው።

ሕጉ ምን በር ከፍቷል?

ተማሪዎቻችን ፓተንትን አንድ ቀን በስማቸው የሚያገኙት ሽልማት አድርገው ያስቡታል እንጂ የሚነበብ ሰነድ መሆኑን ይዘነጋሉ። ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራውን በዝርዝር ለሕዝብ በመግለጽ ለውጥ ነው። የካርዱሎና የዋልተን ሰነዶች ከነሥዕላቸው ለማንም ክፍት ናቸው፤ ዘመናቸውም አልፏል። በተጨማሪም ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት ሀገር ብቻ ነው፤ በሌላ ሀገር ተመዝግቦ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ፈጠራን እዚህ መሥራት አይከለከልም። ምርቱ ወደ ተመዘገበበት ሀገር ሲላክ ግን ጥያቄ ይነሣል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተመራማሪ ነፃ የሆነውን እየፈራ፣ ያልሆነውን እየደፈረ ይሠራል።

ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለእኛ ዓይነት ሥራ የሚስማማ በር አለው። ለፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት ሰጥቶ ለ5 ዓመት እንዲራዘም ሲፈቅድ፣ ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ይህም ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። ከብረት መተላለፊያ ጋር የሚስማማ አንቴና ወይም ጆሮ የማይቀድ መቆንጠጫ የኖቤል ሽልማት አያስገኝም፤ ለዚህ ሰርተፊኬት ግን የተፈጠረ ይመስላል። ስለዚህ አማካሪዎች የመመረቂያ ጽሑፉ ለመከላከያ ከመቅረቡ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ እመክራለሁ፦ በዚህ ሥራ ውስጥ ሊመዘገብ የሚገባው ክፍል የትኛው ነው?

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ ሐሳብ ዝቅተኛ ምኞት ነው ሊሉ ይችላሉ። ሌሎች ቺፕ ይሠራሉ፣ እኛ አንቴና እንጠቀልላለን? መልሴ የችሎታ ጥያቄ አይደለም የሚል ነው። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ሰሎሞን አሰፋ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ማዕከል ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውና በ2010 በኔቸር መጽሔት የወጣው የጀርማኒየም ብርሃን ተቀባይ በ1.5 ቮልት ብቻ እየሠራ በሰከንድ 40 ጊጋቢት የሚቀበል ነበር። ይህ በሴሚኮንዳክተር ዘርፍ ከፊተኛው ረድፍ የቆመ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለዚያ በተዘጋጀ ንጹሕ ክፍልና በብዙ ዓመት በተከማቸ ልምድ መካከል ነው። እንዲህ ያለው መሠረት በአንድ የበጀት ዓመት አይገነባም፤ በሳንቲም የሚሸጥ የመለያ ቺፕም የግንባታውን ወጪ አይመልስም።

ይህ ማለት ቺፕ መንደፍን እንተው ማለት አይደለም። በ2020 ጉግልና ስካይወተር የ130 ናኖሜትር የአሠራር ሰነዳቸውን በነፃ ከለቀቁ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ያለ ፈቃድ ክፍያ ንድፍ መሥራት ይችላል። የእንስሳት መለያ አሃዛዊ ክፍል ከቀላል ንድፎች የሚመደብ ስለሆነ ለማስተማሪያ ይመቻል። ንድፉን እንማር፤ ፋብሪካውን ግን ለምርምር ሥራችን ቅድመ ሁኔታ አናድርገው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። አርብቶ አደሩ ከዚህ ምን ያገኛል? መለያው የሚጠቅመው ላኪውን ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ነገ ለግብር መቁጠሪያ ሊውል ይችላል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ በማብራሪያ ብቻ አይወገድም። መለያው በማድለቢያው በር ላይ ብቻ ከተሰካ የከብቱ ታሪክ ከአዳማ ይጀምራል፤ አሳዳጊው ከታሪኩ ይሰረዛል። ከትውልድ ቦታው ከተሰካ ግን የመነሻው ማስረጃ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ሊከፈልበት ይገባል። ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያይና አርቢው ስለ ራሱ ከብት የተጻፈውን እንዴት ማወቅ እንደሚችል በሕግ ካልተወሰነ፣ የቴክኖሎጂው መሳካት ራሱ በደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚጻፍ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የንባብ መጠኑን ብቻ ሳይሆን መረጃው የማን እንደሆነ አንድ ምዕራፍ ቢሰጠው ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

የምመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የግብርና ሚኒስቴርን የ231 ኮድ አያያዝ በቴክኒክ ይደግፉ፤ የቁጥር አሰጣጡ፣ የመደጋገም ቁጥጥሩና የመዝገቡ ንድፍ በሀገር ውስጥ እጅ ይሠራ። መለያ የሚገዛበት የጨረታ ሰነድም በአምራች ኮድ የተጻፈ መለያ ተቀባይነት እንደሌለው ይግለጽ። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሮኒክስና የእንስሳት ሕክምና ክፍሎች በአንድ ማድለቢያ ቋሚ የመፈተሻ ቦታ ይክፈቱ፤ ውጤቱም ከመቶ ከብት ስንቱ ተነበበ በሚል ግልጽ ልኬት፣ ያልተነበበውም ሳይደበቅ ይታተም። ሦስተኛ፣ የፓተንት ሰነድ ማንበብ የድኅረ ምረቃ የምርምር ዘዴ ትምህርት አካል ይሁን።

ሴሚኮንዳክተሩ በርካሽ ይገዛል፤ ዕውቀቱም በነፃ ይነበባል። በወለንጪቲ መንገድ ወደ ወደብ የሚወርደው ወይፈን በጆሮው የሚይዘው ቁጥር የእኛ እንዲሆን ግን ራሳችን መሥራት አለብን፤ ይህን የሚሸጥልን አቅራቢ የለም።